የአንባቢያን ጥያቄ፦ መኪናዬ አዋሽን ካለፈች በኋላ የት ነው የምትጠፋው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ ነኝ፣ ጅቡቲ መስመር የምትሰራ አንዲት ሲኖትራክ አለችኝ። አምና ጂፒኤስ አስገጠምኩላት፣ ግን አዋሽን አለፍ ስትል ስልኬ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሹፌሩ ጋ ስደውል ወይ አይገባም ወይ እየነዳሁ ነው ይለኛል፣ ከዛ ከሰዓታት በኋላ ሰመራ አካባቢ ብቅ ትላለች፣ መሀሉ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ባለፈው ደግሞ ለሊት የመኪናው ባትሪ ሲነቀል ጂፒኤሱም አብሮ ጠፋ። የሸጠልኝ ልጅ በ4ጂ ቀይረው ይለኛል፣ ሳተላይቱ ደክሞ ነው የሚለኝም አለ። ልቀይረው ወይ? ለሳተላይቱስ የሚከፈል ነገር አለ እንዴ?

መልስ፦ ሳተላይቱ እንኳን አልደከመም ወንድሜ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ለሰማ ሁሉ ይበትናሉ፣ ያንተ ዕቃ ልክ እንደ ሬድዮ መስማት ብቻ ነው ስራው፣ ወደነሱ የሚልከው ነገር ስለሌለ ክፍያም የለውም። ቢያንስ አራቱን ከሰማ የት እንዳለ ያሰላል፣ አፋር ሜዳ ላይ ደግሞ ሰማዩ ወለል ያለ ነው፣ እዛ መስማት አያቅተውም።

ችግሩ ያለው መላኩ ላይ ነው። ያወቀውን ቦታ ላንተ የሚያደርሰው በሲም ካርድ ነው፣ በረሀው ላይ ኔትወርክ ሲያጣ ማንም ዕቃ ዝም ይላል፣ ግን ደህናው ዝም ብሎም ይጽፋል፣ የሄደበትን ነጥብ በነጥብ ሚሞሪው ላይ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ሁሉንም ተራ በተራ ይልክልሃል። ያንተ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው የወጣው፣ ስለዚህ ወይ ሚሞሪ የለውም ወይ ሲገጠም አልተከፈተም። በየደቂቃው አንድ ነጥብ ቢጽፍ በቀን 1440 ነው፣ 10 ሺህ ነጥብ የሚይዝ ዕቃ ሳምንት ገደማ ይችላል ማለት ነው። ጋላፊን ስትሻገር ደግሞ ሲሙ ሮሚንግ (በሌላ አገር ኔትወርክ መስራት) ካልተከፈተለት ጅቡቲ ውስጥ ጭራሽ ስለማይልክ ሚሞሪው ላንተ መስመር የግድ ነው።

4ጂ ያልከው... የመኪና ቦታ እኮ ቪዲዮ አይደለም፣ አንዱ መልዕክት ከአጭር ጽሁፍ አይበልጥም፣ የድሮው 2ጂ ኔትወርክም ይሸከመዋል። ብትገዛም 4ጂ ሲጠፋ ወደ 2ጂ የሚወርደውን ግዛ፣ 4ጂ ብቻ የሆነው ገጠር ላይ ይብሳል እንጂ አይሻልም። (አሜሪካ ውስጥ ኤቲኤንድቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ 2ጂ ሲዘጋ 2ጂ ብቻ የነበሩት ዕቃዎች ከጥቅም ውጪ ሆነዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም የሚችለው ነው የሚያዋጣው።)

ባትሪው ሲነቀል አብሮ የጠፋው ውስጡ ያለችው ትንሿ ሊቲየም ባትሪ ስለሞተች ይመስለኛል፣ እሷ ብትኖር ኖሮ ለጥቂት ሰዓት ትሰራ ነበር፣ "ኃይል ተቋርጧል" የሚል መልዕክትም ይደርስህ ነበር። ሊቲየም ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቻርጅ መደረግ አይወድም፣ ሚሌ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከዛ ምን ያህል አልፎ እንደሚግል አንተው ታውቃለህ፣ በዛ ላይ ሲከርም ያብጥና ያልቃል። ገጣሚዎቹ ለምን እላይ መስታወቱ ስር እንደሚለጥፉት ይገባኛል፣ አንቴናው ሰማይ እንዲያይ ነው፣ ግን ፕላስቲክ ሲግናሉን አይከለክለውም ብረት እንጂ፣ ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ስር ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

ሌላ፣ መኪናህ 24 ቮልት ነው። ዕቃው ከ9 እስከ 36 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ ሪሌዩን (በስልክ ስታዘው ሞተሩን የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ) ግን ግልብጥ አድርገህ እየው፣ ብዙ ቦታ ለቤት መኪና የመጣውን 12 ቮልት አብረው ይገጥሙታል፣ እሱ ጠይቀኸው ሞተር ባጠፋ ቁጥር ይግላል ከዛ አንድ ቀን ይቃጠላል። እባክህ ደግሞ ተናድደህ እየሄደ ያለ መኪና እንዳታጠፋ፣ መሪው ይከብደዋል፣ ለፍሬኑም አየር የሚሞላው ሞተሩ ነው።

ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ሲሙን አውጣና እዛው አዳማ ውስጥ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ባለ መንገድ ግማሽ ሰዓት ንዳ፣ ከዛ ሲሙን መልሰህ ዕቃውን አጥፍተህ አብራው። መንገዱ ካርታው ላይ ጠምዛዛው ሁሉ ከሞላ ሚሞሪው ይሰራል፣ ባትሪዋን ብቻ አስቀይር። ካልሞላ መጀመሪያ ሴቲንጉን አስፈትሽ፣ ሻጩ "ይሄ ዕቃ እሱ የለውም" ካለህ ያኔ ቀይረው።