ስክሪኑ ከብዙ ብልሽት አንዱን ብቻ ለምን ያሳያል?

ወንድሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ስለ ዱቄት ፋብሪካው ማሽን ያነሳኸውን ጥያቄ አነበብኩት። ሁለት ሦስት ብልሽት አብሮ ሲፈጠር ስክሪኑ አንዱን ብቻ ያሳያል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ዋናው አይደለም ብለሃል። ቡሬ ውስጥ በማሸጊያ መስመር ላይ ስሠራ ይኸው ነገር ደጋግሞ ስለገጠመኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

እንደገለጽከው ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ብልሽት ቁጥር ሰጥቶ ቁጥሩን አንድ ሬጂስተር (የማስታወሻ ቦታ) ውስጥ ይጽፋል፤ ስክሪኑም በቁጥሩ መልእክት ይመርጣል። ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ደግሞ ፕሮግራሙን በየዙሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። ሦስት ብልሽት ካለ ሦስቱም እዚያው ላይ ይጽፋሉ፤ የሚተርፈው ከሁሉም በታች ያለው ነው። ኦፕሬተሩ የሚያየው የከፋውን ሳይሆን ፕሮግራመሩ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠውን ነው። የስክሪኑን ቅንብር በመነካካት ይህ አይስተካከልም።

ለእያንዳንዱ ብልሽት የራሱን ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ፣ ስጠው። አንድ ባለ 16 ቢት ሬጂስተር 16 ብልሽት ይይዛል። ቢቱ አንዴ 1 ሆኖ ከተያዘ የሚለቀቀው መንስኤው ተወግዶ ኦፕሬተሩ ሪሴት ሲጫን ብቻ ይሁን። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የአላርም ዝርዝር አስገብተህ እያንዳንዱን ቢት ከመልእክቱ ጋር አገናኝ፤ ሁሉም ከነሰዓታቸው ይደረደራሉ። ፒኤልሲው የሲመንስ ምርት ከሆነ የባይቶቹን (የስምንት ስምንት ቢት ክፍሎቹን) ቅደም ተከተል ልብ በል፤ ኤምደብሊው 10 የሚባለው ባለ 16 ቢት ሬጂስተር ባይት 10ን እና ባይት 11ን ይይዛል፦ የኤምደብሊው 10 ቢት 0 ማለት ኤም 11.0 እንጂ ኤም 10.0 አይደለም። ይህን የዘነጋ ሰው የተሳሳተ መልእክት እያየ ጤነኛ ሞተር ይፈታል።

ዝርዝር ብቻውን ግን አይበቃም። ኮምፕረሰሩ ሲቆም የአየር ግፊት ይወርዳል፣ ሲሊንደሮቹ ቦታቸው አይደርሱም፣ ሴንሰሮቹ በተራ ይጮኻሉ። ስክሪኑ በቀይ መልእክት ሲሞላ የፈረቃው ኦፕሬተር ሴንሰር ሲጠርግ ያመሻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብልሽት የሚይዝ ሌላ ሬጂስተር ጨምር፦ እሱ ዜሮ ሆኖ የብልሽት ሬጂስተሩ ዜሮ ካልሆነ ይቅዳ፤ እስከ ሪሴት ድረስም አይቀየር። ይህን ከዝርዝሩ በላይ በትልቅ ፊደል አሳየው። የአየር ግፊት ብልሽት እስካለ ድረስም የሲሊንደሮቹን መልእክት አግድ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያን መልእክት ግን በምንም ምክንያት እንዳትደብቅ።

የስክሪኑ ፓነል አሮጌ ሆኖ የአላርም ዝርዝር ከሌለው የተያዙትን ቢቶች በታይመር በየ3 ሰከንዱ እያፈራረቅህ አሳይ። እኔ አልወደውም፤ የቸኮለ ሰው ተራውን አይጠብቅም።

መልእክቱም «ብልሽት 7» አይሁን፤ «የመግቢያ ኮንቬየር ሞተር ከአቅም በላይ ተጭኖ ቆሟል» በል። ፓነሉ የግዕዝ ፊደል ካላነበበ ከላይ በትልቅ ፊደል ለሚታየው ሳጥን ጽሑፉን እንደ ሥዕል ማስገባት ትችላለህ።

ስትጨርስ ማሽኑን በባዶው አስነሳና የአየር መስመሩን ዝጋ። ከላይ «የአየር ግፊት ዝቅ ብሏል» ካለ ሠርቷል፤ የሲሊንደር ስም ከወጣ የመጀመሪያውን ብልሽት የሚቀዳው የፕሮግራም መስመር ያለበትን ቦታ እንደገና እየው። የፓነሉን ሞዴል ከላክህልኝ የቢቶቹን አደራደር አብረን እናያለን።