የጣና ደሴቶችና የዘጌ ገዳማት ጉብኝት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ ስለ ጣና ገዳማት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች ከደረሱን መካከል አምስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረባችሁ አንባብያን መልሱን የእናንተም አድርጋችሁ እንድትወስዱት እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ እናቴንና ሁለት እኅቶቼን የጣናን ገዳማት ላሳያቸው አስቤአለሁ። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ረጅም ዳገት አይሆንላትም። ያለን አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያነጋገርኩት ባለ ጀልባ በዚያች ቀን አምስት ገዳም አስጎበኛችኋለሁ ብሎኛል። ወዴት ብንሄድ ይሻላል? አስጎብኚስ የግድ ያስፈልገናል? (አንድ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አምስቱን ይተዉት። በአንድ ቀን አምስት ገዳም መርገጥ ይቻል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ቀኑ ጀልባ ላይ በመውጣትና በመውረድ፣ ጫማ በማውለቅና በማጥለቅ ያልቃል፤ ማታ ላይም የትኛውን ሥዕል የትኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳያችሁት ለይቶ የሚናገር ከመካከላችሁ አይገኝም። ሁለት ይበቃችኋል፤ ቢበዛ ሦስት።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የገዳማቱ ሥርዓት ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ክብራን ለባሕር ዳር ቅርብ በመሆኑ ባለ ጀልባዎች ጎራ ማለት ይወዳሉ፤ በዚህ ጊዜ ወንዶቹ ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ እናትዎና እኅቶችዎ ጀልባው ላይ ፀሐይ እየመታቸው ይቆያሉ ማለት ነው። የክብራን ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በነገሡት በአፄ ኢያሱ አንደኛ ዘመን እንደገና የታነጸ ሲሆን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የተዘጋጀው ባለ ሥዕል ወንጌሉም በሥነ ጥበብ ታሪካችን ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ይሁንና ለእርስዎ ቤተሰብ የሚስማማው አጠገቡ ያለችው የእንጦስ ኢየሱስ ደሴት ናት፤ እርሷ ሴቶችንም ትቀበላለች።

ዋናውን ጊዜ ግን ለዘጌ ይስጡት። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ከባሕር ዳር በባለ ሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመኪናም ይደረሳል። ከወደቡ ወደ ላይ የሚወጣው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ጦጣው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ግራና ቀኙ በደረቅ ድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። በገዳማቱ ትውፊት መሠረት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚህ የመጡት አቡነ በትረ ማርያም ከእጃቸው የነበረውን በትር ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በሬ ጠምዶ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ፣ ከእነዚህ ተክሎች በሚያገኘው ፍሬ እንዲተዳደር ተገዘተ። ግዝቱ ለብዙ ዘመናት በመከበሩ፣ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲራቆት ዘጌ ደኑን ይዞ ቀርቷል። ጣናና አካባቢው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ከሀብቶቹ አንዱ ይኸው ደን ነበር። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ መጣደፍ አያስፈልግም፤ ጫካውም ከቅርሱ የሚቆጠር ነው።

እናትዎ ከደከሙ ለሐይቁ ቀረብ ያለው አዝዋ ማርያም ይበቃቸዋል። አቅሙ ካላቸው ግን ቀስ እያሉ፣ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ እያረፉ፣ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቢደርሱ ድካማቸውን የሚያስረሳ ነገር ያያሉ። ዝርዝሩን ቀጥሎ ለቡሬው አንባቢ በሰጠነው መልስ ላይ ያገኙታል።

አስጎብኚን በተመለከተ፣ ባለ ጀልባና አስጎብኚ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። ባለ ጀልባው የሚያውቀው ሐይቁን ነው፤ ሥዕሉን እንዲተረጉምልዎ መጠበቅ አይገባም። በዘጌ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ቢያገኙ ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ሰው መነኮሳቱን በስም ያውቃል፣ ዕቃ ቤቱ የሚከፈትበትን ሰዓትም አይስትም። የጀልባውን፣ የአስጎብኚውንና የመግቢያውን ሒሳብ ለየብቻው ከመነሣትዎ በፊት ይቁረጡ፤ መግቢያ በየገዳሙ በር ለየብቻ ይከፈላል፤ ለቪዲዮ ካሜራም ተጨማሪ ሊጠየቁ ይችላሉ። ጀልባው ለሁላችሁም የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለው አይሳፈሩ። ጠዋት በጊዜ ይነሡ፤ ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታል፤ ይህ ለአረጋውያን አይመችም። የሰሞኑን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታም ከመነሣትዎ በፊት ባሕር ዳር ካለ ሰው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ጎብኝቼ ነበር። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ስለሆነ ከየት ጀምሬ የት እንደምጨርስ ግራ ገባኝ፤ አስጎብኚያችንም እየሮጠ ነበር። እንደገና ብሄድ እንዴት ልመልከተው? (አንባቢያችሁ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ይህ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በጣም ያስደሰተን ነው።

መጀመሪያ ከውጭ ይቁሙ። ገዳሙ የተመሠረተው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን አሁን ያለው ሕንፃ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ከጉልላቱ መስቀል ላይ የተሰኩትን የሰጎን እንቁላሎች ይመልከቱ፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማታነሣ ሁሉ እግዚአብሔርም ምእመናኑን እንደማይዘነጋ የሚያስተምሩ ናቸው እየተባለ ይተረጎማል። በግቢው የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወልም አይለፉት፤ ሲመታ እንደ ብረት የሚያስተጋባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ሕንፃው ክብ ሲሆን ሦስት ክፍል አለው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። መቅደሱ ብቻ አራት ማዕዘን ነው፤ ወደ ውስጡ የሚገቡት ካህናት ናቸው። እርስዎን ግራ ያጋቡት ሥዕሎች ያሉት በእነዚህ አራት የመቅደስ ግድግዳዎች ላይ ነው። አብዛኞቹ የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ሲሆኑ፣ የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ ነው። ጠርዙ አካባቢ ጠጋ ብለው ቢያዩ ጨርቁ ከግድግዳው የተላቀቀበትና ድርና ማጉ የሚታይበት ስፍራ ያገኛሉ። እጅዎን ግን እንዳያሳርፉበት፤ ከፍላሽ መብራትም ይቆጠቡ፤ ቀለሙን የሚጎዳው አንድ ሰው ሳይሆን በየቀኑ የሚደጋገመው ብልጭታ ነው።

በሩ ላይ ሰይፍ መዝዘው የቆሙት መላእክት ጠባቂዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ይጀምሩ። ከዚያ አንዱን ግድግዳ መርጠው ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ፣ ረድፍ በረድፍ ያንብቡት። አንድ ቁልፍ ልንሰጥዎ እንችላለን፦ በዚህ የአሣሣል ወግ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ አጋንንት፣ ከሓድያንና ገራፊዎች በአብዛኛው በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። ይህን ካወቁ በኋላ የማታውቁት ታሪክ እንኳ ቢሆን ማን ከማን ወገን እንደቆመ በአንድ እይታ ይለያሉ።

በላዔ ሰብእን ሳይፈልጉ አይመለሱ። የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር የበላው ይህ ሰው፣ ውኃ የጠማው አንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ኃጢአቱ በሚዛኑ በአንዱ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ትቀመጣለች፤ እመቤታችንም ጥላዋን ጣል ታደርግበትና ውኃዋ ትመዝናለች። ሠዓሊው ሰውዬው ሲበላ የሚያሳየውን ክፍል ምንም ሳያለዝብ ስላቀረበው ልጆች ፊት ለፊቱ ተገትረው ይቀራሉ፤ አዋቂዎችም እንደዚያው። ታሪኩ የሚነገረው የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ ከገዳሙ ስም ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በዚያ ዕለት መሄድ የፈለገ ለበረከቱ ይሂድ፤ ሥዕል ለማየት የሚሄድ ግን ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ግድግዳው አጠገብም አይደርስ።

አንድ ግድግዳ በሚገባ ካዩ ወጥተው ጫካው ውስጥ ቡና ይጠጡ። ሌሎቹን ሦስቱን ከዚያ በኋላ ተመልሰው ያያሉ።

ጥያቄ፦ በጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን እንደነበረች፣ እመቤታችንም ከልጇ ጋር እንዳረፈችበት አስጎብኚው ነገረን። በዳጋ ደግሞ የነገሥታት አስከሬን አለ አለን። ሁሉንም በአንድ ድምፅ ስለሚናገር የትኛው የተረጋገጠ ታሪክ፣ የትኛው ትውፊት እንደሆነ መለየት አልቻልንም። (ተማሪዎች፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ቅሬታችሁ ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የትውፊቱ ሳይሆን የአነጋገሩ ነው። ጥሩ አስጎብኚ «አባቶች እንዲህ ይላሉ» እና «እንዲህ ተጽፎ ይገኛል» የሚሉትን ሁለት አነጋገሮች አይቀላቅልም።

በጣና ቂርቆስ የሚነገረው ትውፊት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያ እንደቆየች፣ ቅድስት ድንግል ማርያምም በስደቷ ዘመን 3 ወር ከ10 ቀን እንዳረፈችበት ነው። በኦሪት ዘመን መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር የሚባሉ ጎድጓዳ የድንጋይ ምሰሶዎችም በስፍራው ይታያሉ። ይህ የገዳሙ እምነትና ቃል ነው፤ በዚያው ክብሩ ሊነገር ይገባዋል እንጂ አስጎብኚው በቁፋሮ እንደተረጋገጠ ነገር ሊያቀርበው አይገባም።

የዳጋው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ዳጋ እስጢፋኖስን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ናቸው። በዕቃ ቤቱ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል ናቸው የሚባሉ ዐፅሞች በሣጥን ተቀምጠው ይገኛሉ። አምስቱም በታሪክ የታወቁ ነገሥታት ናቸው፤ ከ1270 እ.ኤ.አ. ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት ከመለሰው ይኩኖ አምላክ እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ዋና ከተማ አድርጎ እስከሞተው ፋሲል ድረስ አራት መቶ ዓመታትን ይሸፍናሉ። ደሴቶቹ በጦርነት ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ቅርስ መሸሸጊያ ስለነበሩ፣ ያን ያህል ሀብት በሐይቅ መካከል መገኘቱ ሊያስገርማችሁ አይገባም።

ታሪኩ ምንም የማያሻማ ስፍራ ማየት ከፈለጋችሁ ከዳጋ ጎን ወዳለችው ትልቋ ደሴት፣ ወደ ደቅ ተሻግራችሁ ናርጋ ሥላሴን እዩ። ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ራሳቸውም ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰግደው ተሥለው ይታያሉ። ከባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት በጀልባ ስለሚያስኬድ ብቻውን አንድ ቀን ስጡት። ሴቶችም ይገቡበታል።

ጥያቄ፦ ጉብኝቱን በሞተር ሳይሆን በታንኳ ማድረግ ይቻላል? (ከሞጣ)

መልስ፦ እስከ ዘጌ ወይም ደቅ አይመከርም። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ቶሎ ውኃ እየጠጣ የሚከብድና በየጊዜው በአዲስ የሚተካ መጓጓዣ ነው፤ ነፋስ ሲነሣም ለማያውቀው አደገኛ ነው። የታንኳ አሠራር ባለሙያዎቹ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። አባይ ከጣና በሚወጣበት አቅራቢያ ወዳለችው ደብረ ማርያም ደሴት ሲሄዱ በቅርብ ያዩአቸዋል፤ ደንገሉ ሲታጨድ፣ ሲደርቅና ሲታሰር ለማየት ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ለጊዜያቸውም ከፍለው ቢሆን መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ዘጌን ጠዋት፣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ከሰዓት በኋላ ማየት ይቻላል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ሆኖም ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄደው ቀጭን ጅረት አይተው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊትም በዚያ ሰሞን ውኃው ተለቅቆ እንደሆነ ከአካባቢው አስጎብኚዎች ይጠይቁ። ወደ ፏፏቴው በእግር ሲወርዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ያቋርጣሉ፤ ድልድዩ በየትኛውም ወቅት ቢሄዱ አይጠፋም።