ወንዙ ወደ አጥራችን ሲጠጋ፦ ከአዳማ የደረሱ ጥያቄዎች

ከአዳማ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሰሞኑን የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ የወንዝና የጎርፍ መውረጃ ዳር መናድ። ከተማዋ በኮረብቶች መካከል ዝቅ ብላ በመቀመጧና አፈሯ በብዙ ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት ልል በመሆኑ፣ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ዳሩን በቀላሉ ይቆርሰዋል።

የአጥሬ ጥግ ዘንድሮ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቴ በእሱ በኩል ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ሠርቷል፤ እኔም ልሥራ?

በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ ከአጥሩ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ከጣሪያው ወርዶ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚፈስሰው አሸንዳ ነው። ዳሩን የሚንደው ወንዙ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚሰርገው ውሃም አፈሩን አክብዶና አላልቶ ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ አስቀድመው የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ እስከ መውረጃው ወለል ድረስ ያድርሱት፤ የሽንት ቤት ጉድጓድም ከጫፉ ያርቁ።

ጋቢዮን መልካም ነው፤ ሆኖም ወንዝ ዳርን የሚበላው ከእግሩ ስለሆነ፣ መሠረቱ ጎርፉ ወለሉን ከሚቆፍርበት ጥልቀት በታች ካልወረደና ከጀርባው አፈር እንዳይሾልክ ማጣሪያ ጨርቅ ወይም ጠጠር ካልገባ፣ የሽቦው ሳጥን ከነድንጋዩ በግንባሩ ይደፋል። ጫፍና ጫፉም ወደ ዳሩ ውስጥ ገብቶ ካልተሰካ ውሃው በጎን ዞሮ ከኋላው ይገባል። የተንጠለጠለው የአጥርዎ ጥግ የጎረቤትዎ ጋቢዮን ከሚያበቃበት ቦታ አጠገብ መሆኑን ሳይ፣ የጎረቤትዎ ሥራ ጎርፉን ወደ እርስዎ ሳይመልሰው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። እያንዳንዱ ባለቤት የግቢውን ስፋት ያህል ለብቻው ከሚገነባ፣ ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ቀጣዩ ያላችሁ ጎረቤታሞች በአንድ መሐንዲስ ንድፍ አብራችሁ ብትሠሩ ገንዘባችሁ በከንቱ አይቀርም።

ዝናቡ አባርቶ፣ ውሃውም ጎድሎ ሳለ ከሁለት ቀን በኋላ ዳሩ ለምን ተናደ?

ሙሉው ጎርፍ ዳሩን ከጎን ደግፎ ይይዘው ነበር። ውሃው በፍጥነት ሲጎድል ድጋፉ ይቀራል፤ አፈሩ ውስጥ የሰረገው ውሃ ግን ገና አልወጣምና ዳሩ ከነክብደቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይ ከጫፉ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ፣ ልጆችንም ከብትንም ያርቁ።

ባህር ዛፍ ልትከልበት?

ጫፉ ላይ አይትከሉ፤ ረጅም ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ያላላውን አፈር ይዞ ይወድቃል። ሥሩ ወደ 3 ሜትር ሊጠልቅ የሚችለው ቬቲቨር ሣር ይሻላል፤ ነገር ግን እግሩ ለተቦረቦረ ዳር ሣር ብቻውን አይበቃም።

ከወንጂ በኩል፦ የቆቃ ግድብ እያለ አዋሽ ዳሩን ለምን ይበላል?

በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ግድብ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ሲሆን፣ ወንዙ የሚያመጣው ደለል በሐይቁ ውስጥ እየተከማቸ ውሃ የመያዝ አቅሙን ቀንሶታል። ደለሉን ጥሎ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ከታች ካለው ወለልና ዳር አዲስ አፈር የማንሳት ጉልበት ይኖረዋል። ከወንዙ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎችም ወለሉን ዝቅ በማድረግ ያባብሱታል።

ካርታ አለኝ፤ ወረዳው ግን «የወንዝ ዳር ስለሆነ ለደህንነትዎ ይልቀቁ» ይለኛል። ካሳ ይገባኛል?

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው የመንግሥት አካል የውሃ ዳርቻን ወሰን እንዲከልልና በዚያ ውስጥ መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። እንግዲህ ነገሩ የሚዞረው ካርታው ሲሰጥ ወሰኑ ተከልሎ ነበር ወይ፣ አሁንስ ልቀቁ የተባሉት በውሳኔ ነው ወይስ በምክር በሚለው ላይ ነው። ወንዝ የቆረሰው መሬት መንግሥት እንደወሰደው ንብረት ስለማይቆጠር፣ በቃል ምክር ለቅቀው ከወጡ በኋላ ስለ ካሳ መከራከር እጅግ ይከብዳል። እኔ እንደማየው፣ እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ብቻ የሚናገር መሥሪያ ቤት ነገ ኃላፊነቱን የሚሸሽበትን በር ከፍቶ ነው።

ስንጥቁ ቤቱ ድረስ ከደረሰ ግን ወረቀት አይጠብቁ፤ ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ይህ በራሱ ይዞታዎን አያሳጣዎትም። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥዎ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከካርታው ኮፒና ቀን ከተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ጋር ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይነሱ።