ማሰሮ የሰበረው ጀግና ለምን አይታሰርም? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

የጃፓን ቪዲዮ ጌም እየተጫወተ ያደገ ሰው ቶኪዮ ሲገባ ሁለት ጊዜ ይደነግጣል። መጀመሪያ፣ የሠሪዎቹ ቅዠት ነው ብሎ ያለፈው ነገር መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀው፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ እውነት ነው ብሎ የያዘው ነገር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የወደቁ ናቸው። ብዙ ሐበሾች ከሚኖሩበት ከቶኪዮው ካትሱሺካ ወረዳ ሆኜ፣ ጆይስቲኬን ለጊዜው አስቀምጬ መልሻለሁ።

«በጃፓን ጌሞች ጀግናው የማያውቀው ሰው ቤት ዘው ብሎ ይገባል፤ ማሰሮ ይሰብራል፤ መሳቢያ ከፍቶ ወርቅ ይወስዳል። ባለቤቱም ቆሞ ስለ ዝናቡ ያወራለታል። እውነተኛው ጃፓን ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ምን ይደርስበታል?» (ከሐዋሳ)

ከማሰሮው በፊት ጫማው ያስከስሰዋል። ረግረግ ሲያቋርጥ በዋለበት ቦት ጫማ ምንጣፉን የረገጠ ሰው ዓለምን ሦስት ጊዜ ቢያድን እንኳ ይቅርታ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። እዚህ ሰው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ነጠላ ጫማ ይሰጠዋል፤ መጸዳጃ ቤት ሲገባ ደግሞ እዚያ ብቻ የሚደረግ ሌላ ነጠላ ጫማ ይጠብቀዋል። የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ እንዳደረገ ሳሎን የተመለሰ እንግዳ በዚያ ቤት ለዓመታት ይወራለታል።

ወርቁ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው። በጌም ውስጥ ወድቆ የተገኘ ነገር ሁሉ የአንሺው ነው። በጃፓን ግን የሰው ቤት ይቅርና መንገድ ላይ የወደቀ ቦርሳ ብታነሳ፣ መንገድህ ኮባን ወደሚሏት ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ነው። ኮባን በየሰፈሩ ማዕዘን አለች። እዚያ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳገኘህ የሚገልጽ ቅጽ ይሞላል። ዘንዶ ገድሎ የመጣው ጀግና ሰይፉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ብዕር ይዞ «ያገኙበት ቦታ» የሚለውን ሲሞላ ይታይህ። ለድካሙ ግን ዋጋ አለው፤ ባለቤቱ ከተገኘ አንሺው ከንብረቱ ዋጋ ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው። በ3 ወር ውስጥ ባለቤቱ ካልተገኘ ደግሞ፣ እንደ መታወቂያ እና ስልክ ካሉ የግል ምስጢር ከያዙ ዕቃዎች በስተቀር፣ ንብረቱ የአንሺው ይሆናል። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በቶኪዮ ብቻ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ዕቃዎች ለፖሊስ ደርሰዋል።

ይህን ሰምተህ ግን ሁሉንም መላእክት አታድርጋቸው። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከሱቅ ደጃፍ ማስቀመጫ ላይ ያኖርከው ርካሽ ጃንጥላ ተመልሰህ ላታገኘው ትችላለህ። የአንድ ሚሊዮን የን ቦርሳ መልሶ የሚሰጥ ሕዝብ ጃንጥላ ላይ ሲደርስ እጁ የሚረዝምበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ጌሞቹ ማሰሮ ከሚያሰብሩን ጃንጥላ ቢያሰርቁን ለእውነቱ ይቀርቡ ነበር።

«ድራጎን ክዌስት በሥራ ቀን እንዳይሸጥ የጃፓን ፓርላማ ሕግ አውጥቷል የሚባለው እውነት ነው? ተወራርደናል።» (ሁለት ወንድማማቾች፣ አዲስ አበባ)

ሕግ የለም። የጌሙ ሦስተኛ ክፍል የካቲት 1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ረቡዕ ቀን ለገበያ ወጣ። ሰልፉ መንገድ ዘጋ፤ ትምህርት ቤት ጥለው የመጡ ተማሪዎችንም ፖሊስ ከሰልፉ እየለየ ወሰደ። ከዚያ በኋላ አሳታሚው ራሱ ቀጣዮቹን ክፍሎች በእረፍት ቀናት መሸጥ መረጠ፤ ወሬው ግን እስካሁን ሕግ እያለ ይዞራል። «አዎ» ያለው ወንድም ይክፈል።

«ከዋናው ጠላት ጋር ከመፋለም በፊት፣ ማንም በሌለበት ጫካ ውስጥ፣ መጠጥ የሚሸጥ ማሽን መብራቱን አብርቶ ይቆማል። ኤሌክትሪኩን ማን ያስገባለታል?» (ከእስራኤል)

እህቴ፣ ይህ ከተጋነነው ውስጥ የለበትም። ሀገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ የመጠጥ ማሽኖች አሏት። በሩዝ ማሳ መካከል፣ በመቃብር ቦታ አጠገብ፣ የሚሳፈርበት ሰው በሌለው የገጠር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ሌሊት ብቻሽን ስትሄጂ ከሩቅ የሚታይሽ ብርሃን የማሽን ነው፤ ጌም የተጫወተ ሰው ያን ብርሃን ሲያይ አንድ ከባድ ነገር ሊመጣ ነው ብሎ መዘጋጀቱ አይቀርም። ማሽኖቹ ደጅ አድረው የማይሰበሩት በእውነተኛው ጃፓን ማሰሮው በማይሰበርበት ምክንያት ነው፤ የሰው ንብረት አይነካም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ክረምት ሲገባ ነው። ከዚያው ማሽን፣ ሰማያዊ ምልክት ካለበት ተርታ ቀዝቃዛ፣ ቀይ ካለበት ደግሞ ትኩስ ቆርቆሮ ይወርዳል። የቆርቆሮ ቡና ለጃፓኖች የቆየ ነገር ነው፤ ዩሲሲ የተባለው ኩባንያ በ1969 ገበያ ላይ አውሎታል። ሞካ የሚል ጽሑፍ ካየሽ ደግሞ ጠጋ ብለሽ አንብቢ፤ የሲዳማና የሐረር ቡናችን እዚህ በዚህ ስም ይሸጣል። ጣዕሙ አያስከፋም። እጅ ያሞቃል፣ ድካም ያነሳል። ግን ለብቻ ቆመው ጠጥተው የሚሄዱት አቦል ነው፤ ቶናም በረካም የለውም።

«ጌም ውስጥ በር ሲከፈት ሙዚቃ፣ ምግብ ሲበስል ሙዚቃ፣ ሲመሽ ሙዚቃ ነው። ሠሪዎቹ ዝምታን ለምን ይፈራሉ?» (ከባሕር ዳር)

ሠሪዎቹ ያደጉበትን ሀገር ነው የቀዱት። የሩዝ ማብሰያዬ ሥራውን ሲጨርስ የሕፃናት ዜማ ይጫወታል። የመታጠቢያ ገንዳው ሲሞላ ዜማ አሰምቶ በሴት ድምፅ ያስታውቃል። ሱቅ ስትገባ በሩ ይዘምራል። በብዙ የቶኪዮ ባቡር ጣቢያዎች ደግሞ በሩ ሊዘጋ ሲል ጣቢያው የራሱን አጭር ዜማ ያሰማል። ታካዳኖባባ በተባለው ጣቢያ የሚሰማው አስትሮ ቦይ የተባለው የካርቱን ታሪክ ዜማ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ሮቦቱ ልጅ የተፈጠረው እዚያ ሰፈር፣ በ2003 ስለሆነ። ያ ዓመት በእውኑም ሲደርስ ጣቢያው ዜማውን ተቀበለ።

ዜማው አልቆ በሩ ከተዘጋ መለመን ዋጋ የለውም። ከሰዓቱ ቀድሞ መሄድ ግን ጥፋት ነው፤ በ2017 አንድ የባቡር ኩባንያ ባቡሩ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሣቱ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ቅሬታ ያቀረበ ተሳፋሪ ግን አልነበረም።

የምሽቱ ሙዚቃ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። አመሻሽ ላይ፣ በአብዛኛው 11 ሰዓት ሲሆን፣ በየሰፈሩ ከፍ ብለው ከተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች የልጆች መዝሙር ዜማ ይለቀቃል። ድምፅ ማጉያዎቹ የተተከሉት ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በየቀኑ መዘመራቸው መሥራታቸውን ያረጋግጣል። ልጆች ደግሞ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። ጌም ውስጥ ቀኑ ሲመሽ ዜማው ተቀይሮ መንደሩ ጭር የሚልበትን ምክንያት ያወቅሁት ይህን ስሰማ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ድምፁ ሌላ ድምፅ ለመሸፈን ይሠራል፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት። ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1988 የውኃ መልቀቂያ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አወጣ፤ ከዚያ በፊት ሴቶች እንዳይሰማባቸው እውነተኛውን ውኃ ደጋግመው ይለቁ ነበርና።

«ልጄ ስልኩ ላይ ጋቻ እያለ ገንዘብ ያጠፋል። የጃፓን ባህል ነው ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ሊያታልለኝ ነው?» (አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እመቤቴ፣ ልጅዎ ግማሹን እውነት ነግሮዎታል። ጋቻ ሳንቲም ከተው እጀታ ሲያዞሩ በክብ ፕላስቲክ የታሸገ መጫወቻ የሚተፋው ማሽን ነው። ጃፓን የገባው በ1960ዎቹ፣ ከእናንተው ከአሜሪካ ነው። ዛሬ ሙሉ ሱቅ በእነዚህ ማሽኖች ብቻ ይሞላል፤ ደንበኞቹም ልጆች ብቻ አይደሉም። ስኒ ጠርዝ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የቢሮ ሠራተኛ ሴት በ2012 ወጥታ ትልልቅ ሰዎችን ሳንቲም አስለቅማለች።

በማሽኑና በስልኩ መካከል ግን ልዩነት አለ። ከማሽኑ ባይወዱትም እጅ ላይ የሚገባ ነገር ይወጣል፤ ሳንቲምዎ ሲያልቅም ጨዋታው ያልቃል። ስልኩ የባንክ ካርድ ያውቃል። ጃፓን ራሷ በ2012፣ በዕጣ የሚወጡ ካርዶችን ሙሉ ስብስብ ላሟላ ብቻ ትልቁን ሽልማት የሚሰጠውን ዓይነት ሕገ ወጥ ብላዋለች። ልጅዎ ባህል ከወደደ ቶኪዮ ሲመጣ አሳኩሳ ያለው ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ይሂድ። እዚያ በ100 የን የዕድል ወረቀት ይወጣል፤ ከ10ሩ 3ቱ ክፉ ዕድል መሆናቸው የታወቀ ነው። ክፉ የደረሰው ወረቀቱን እዚያው አስሮ ይሄዳል። እስከዚያው ካርድዎን ከስልኩ ያውጡበት።

«የጌም ዋሻ አያስፈራኝም፤ ካርታ ሳላይ እወጣለሁ። ቶኪዮ ስመጣ ምን ያቅተኛል?» (ከዱባይ)

ሺንጁኩ ጣቢያ። ከ200 በላይ መውጫዎች፣ በቀን 3 ሚሊዮን ገደማ መንገደኞች። እዚያ መጥፋትን ራሱን ጨዋታ አድርጎ የሠራ የስልክ ጌም አለ። ወንድሜ፣ ከቀጠሮህ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ግባ፤ መውጫህን በቁጥሩ ወይም በስሙ ያዝ፤ «ከምሥራቁ በር እንገናኝ» ያለህን ሰው ግን የትኛው ምሥራቅ እንደሆነ ጠይቀው።

«የያኩዛ (የጃፓን ማፊያ) ጌም አፍቃሪ ነኝ። የቶኪዮው የምሽት መዝናኛ ሰፈር ካቡኪቾ በየመታጠፊያው ጠብ አለ?» (ከአዳማ)

የጌሙ ሰፈር ካሙሮቾ የተቀዳው ከካቡኪቾ ነው፤ ቀዩ የመግቢያ ቅስት ሳይቀር ታውቀዋለህ። ጠቡን ግን አትጠብቅ። ልብስህን ይዞ «ና ጠጣ፣ ርካሽ ነው» የሚልህ ደላላ ነው የሚገጥምህ፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ድምፅ ማጉያዎችም እንዳትከተለው ያስጠነቅቃሉ። ከተከተልከው ሁለት ቢራ ጠጥተህ የበግ ዋጋ ልትጠየቅ ትችላለህ፤ በዚያ ሰዓት የጌሙ የቡጢ ቅንብር አይረዳህም። ቡጢህ ካላስቀመጠህ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው የቤዝቦል መምቻ ቤት በእውኑም እዚያው ሰፈር አለ። ሳንቲም ከተህ ጉልበትህን ኳሱ ላይ ጨርስ።