ቤት የሚያወራ፣ ትምህርት ቤት ዝም የሚል ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ከእኔ ጋር ያወራል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ይደበቃል። መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ሦስተኛ ወሩ ቢሆንም መምህሩ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። በጨዋታ ይታከማል ይባላል፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቤት ካወራ መናገር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደበቱን የሚይዘው ፍርሃት ነው። ትምህርት የጀመረበት ወር ሳይቆጠር ዝምታው ከአንድ ወር ካለፈ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው፤ ጆሮውም ይመርመር። እኛ ዘንድ ዝምተኛ ልጅ «ጨዋ» ስለሚባል ብዙዎች ዘግይተው ነው የሚመጡት።

እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን 30 ደቂቃ ይመድቡለት። ቀኑ፣ ሰዓቱም ቦታውም አይቀየር፤ ስልክዎ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ለዚህ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ካርቶን ያዘጋጁ፦ የእናት፣ የአባትና የሕፃን አሻንጉሊት፣ እንስሳት፣ የዕቃ ዕቃ ስኒና ጀበና፣ ከለርና ወረቀት። በባትሪ የሚዘፍን መጫወቻ ልጁን ተመልካች ስለሚያደርገው ይቅር። ሊጥም ያቡኩ፦ 2 ስኒ ዱቄት፣ 1 ስኒ ጨው፣ 1 ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እስከ 1 ስኒ። ከተጣበቀ ዱቄት ይጨምሩ፤ ጨው ስለበዛበት እንዳይበላው።

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ጨዋታውን እሱ ይምረጥ። ለወላጅ ከባዱ ይኼ ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉት ፈተና ይሆንበታል፤ «ጎበዝ!» ሲሉት ደግሞ ጨዋታውን ትቶ ፊትዎን ማየት ይጀምራል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ሕፃኑን አልጋ ሥር ደበቅኸው።» «አንበሳው ተናዷል።» ከተሳሳቱ «አልተናደደም፣ ርቦት ነው» ብሎ ያርምዎት ይሆናል፤ ያኔ አይከራከሩ፣ «እሺ፣ ርቦት ነው» ይበሉ። ጀርባውን ሰጥቶዎት ቢቆይም ሰዓቱን አያሳጥሩ።

ሊጡን ግድግዳ ላይ ቢወረውር፣ መጀመሪያ ስሜቱን፣ ቀጥሎ ክልከላውን፣ ከዚያ ምትኩን ይንገሩት፦ «መወርወር አምሮሃል። ግድግዳ ላይ ግን አይወረወርም። ካርቶኑ ውስጥ ወርውር።» ሊያበቃ 5 ደቂቃ ሲቀር ያስታውሱት። በሌላ ቀን ስላጠፋ ይህን ሰዓት በቅጣት መንሳት ግን የተገነባውን ሁሉ ያፈርሳል።

መምህሩ በክፍል ፊት «ስምህን ተናገር» እንዳትለው ይንገሯት፤ ለጊዜው በጣቱ መጠቆም ይበቃል። ከትምህርት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ አብረውት ይጫወቱ። እዚያ ከእርስዎ ጋር ማውራት ሲለምድ መምህሩ በር ላይ ትቁም፤ በሌላ ቀን ጥቂት ትጠጋ። ዝም ካለ አንድ እርምጃ ትመለስ።