ሳልባትዮው ከመፈታቱ በፊት፦ የአሮጌ ፔጆ ነዳጅ በየት በኩል እንደሚያፈስ ስለ መለየት

ጠያቂያችን ከሐረር ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። ከአባታቸው የወረሷት ፔጆ 404 ነዳጅ በተሞላች ማግስት ጠዋት በሯ ሲከፈት የቤንዚን ሽታ ከውስጥ ይወጣል፤ የነዳጅ መለኪያው ቀስት መኪናዋ ሳትነዳ ዝቅ ብሎ ያድራል፤ መሬት ላይ አንዳንድ ቀን እርጥበት ይታያል፣ አንዳንድ ቀን ግን ምንም የለም። ያዩት መካኒክ ሳልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ስለበሰበሰ ወርዶ መበየድ አለበት ብሏቸዋል። እርሳቸውም ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ሳልባትዮው በእርግጥ ማፍሰሱን በራሳቸው የሚያረጋግጡበት መንገድ እንዳለ ጠይቀዋል።

መንገዱ አለ፤ አብዛኛውም ከጠመኔ፣ ከካርቶን፣ ከቀርከሃ ስንጣሪና ከጥቂት ሌሊቶች ትዕግሥት የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ከሃያ ዓመት በላይ በድሬዳዋ አሮጌ ፔጆዎችንና ቮልስዋገኖችን ስጠግን ቆይቻለሁ። ሳልባትዮው ያፈሳል ተብለው ከመጡልኝ መኪኖች በብዙዎቹ ጥፋቱን ያገኘሁት በሳልባትዮው ላሜራ ላይ ሳይሆን ወደ እርሱ በሚገቡትና ከእርሱ በሚወጡት ጎማዎች፣ በክዳኑ ወይም ሞተሩ ላይ ባለው የነዳጅ ፖምፓ ነው። ስለዚህ ፍሳሹ መቼና በምን ያህል ነዳጅ ላይ እንደሚጀምር ሳይለይ ሳልባትዮው እንዳይፈታ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ መኪና ነው። እኔም 404 ከሐረር ገዝቼ ወደ ድሬዳዋ ባመጣሁበት ዓመት ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሽታ ገጠመኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ ሳልባትዮውን አውርዶ፣ አጥቦና መጋጠሚያውን በሙሉ በየዶ መለሰልኝ፤ በሳምንቱ ሽታው ተመለሰ። በመጨረሻ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሜ ከሥሯ ተኛሁና ጓደኛዬ ከጀሪካን አንድ አንድ ሊትር እየለካ እንዲጨምር አደረግሁ። ሳልባትዮው ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ አንዲት ጠብታ አልታየችም። ነዳጁ ወደ መሙያው አንገት ሲደርስ ግን አንገቱን ከሳልባትዮው ጋር ከሚያገናኘው ጎማ ሥር ቀጭን የእርጥበት መስመር ብቅ አለ፤ መስመሩ አቧራውን እያጠበ በሳልባትዮው ጎን ወርዶ ከታችኛው መጋጠሚያ ጫፍ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጠብታውን ብቻ ያየ ሰው ጥፋቱን በመጋጠሚያው ላይ መጣሉ ስለዚህ አያስደንቅም። ፋሼታውን (ጎማውን የሚያጠብቀውን የብረት ቀለበት) ፈትቼ ጎማውን በሁለት አውራ ጣቶቼ መካከል ወደ ኋላ ሳጥፈው ከላይ ለስላሳና ጥቁር የነበረው ጎማ ከታች በኩል ዝናብ የሚናፍቅ መሬት ይመስል ተሰነጣጥቆ ተከፈተ። ለብየዳ የከፈልኩት ገንዘብ በአንድ ስንዝር ጎማ ምክንያት የወጣ ነበር።

ወደ እርስዎ መኪና ስመለስ፣ በመጀመሪያ የሙቀትን ነገር ከፍሳሽ መለየት ያስፈልጋል። ቤንዚን በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መጠኑ ወደ 1 በመቶ ይጨምራል። ነዳጅ የሚጠፋበት ጊዜ ስለሚያሳስበን ማደያ ስንደርስ እስከ አፉ ማስሞላት ልማዳችን ሆኗል፤ ከማደያው የሚቀዳው ግን ከመሬት በታች የተቀመጠ ቀዝቃዛ ነዳጅ ነው። በጠዋት ሐረር ላይ 50 ሊትር ሞልተው ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የደንገጎን ቁልቁለት በመውረድ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ቢያቆሟት፣ ነዳጁ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ትርፍ ይፈጠራል። ያ ትርፍ የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው በክዳኑ ወይም በመተንፈሻው በኩል ይወጣል። ይህ የሳልባትዮ ሕመም አይደለም፤ አራት አምስት ሊትር አጉድሎ በመሙላት ብቻ ይቆማል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የክዳኑ መተንፈሻ ነው። በእነዚያ ዘመን መኪኖች ሳልባትዮው በክዳኑ ወይም በቀጭን ቱቦ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ፔጆ 404 በፈረንሳይ የተሠራችው ከ1960 እስከ 1975 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ዋናው ክዳን ጠፍቶ ከሌላ መኪና በተገኘ ወይም ቁልፍ ባለው ክዳን መተካቱ የተለመደ ነው፤ የተተካው ክዳን መተንፈሻ ከሌለው በሙቀት የተጨመቀው አየር ነዳጁን ደካማ በሆነው ጎማ ወይም በመለኪያው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል በሚገባው ማሸጊያ) በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ክዳኑን ሲከፍቱ የፉጨት ድምፅ ከሰሙ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። አጽድተው ሽታው ከቀረ ሥራው አልቋል።

እነዚህ ሁለቱ ካልሆኑ በነዳጅ ደረጃ መለየት ይጀመራል። በቀስቱ አይመኑ፤ መኪናዋ ትንሽ ባዘነበለች ቁጥር ጋለጃንቴው (በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፈው የመለኪያው ክፍል) ከፍ ዝቅ ስለሚል ቀስቱ ይዋሻል። ይልቁንም መሬቱ እኩል በሆነ ቦታ ያቁሟት፤ ቀለም ያልተቀባ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ በመሙያው አንገት እስከ ታች አስገብተው እርጥቡ የደረሰበትን ቦታ ወዲያው በቢላዋ ምልክት ያድርጉበት። ሩብ ያህል ነዳጅ ብቻ ሲኖራት አንድ ሌሊት ያሳድሯትና በማግስቱ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መልሰው ይለኩ። ደረጃው ካልተለወጠ የሳልባትዮው ወለል ጤነኛ ነው፤ ከሩብ በታች ያለው ላሜራም ሊጠረጠር አይገባም። ከዚያ ወደ ግማሽ፣ ወደ ሦስት አራተኛ፣ በመጨረሻም ወደ ሙሉ እየጨመሩ ይድገሙት። ፍሳሹ የሚጀምርበት ደረጃ ራሱ ቀዳዳው ያለበትን ከፍታ ይነግርዎታል። ይህን አራት ሌሊት የሚወስድ ሥራ ብዙ ሰው ይሰለቸዋል፤ እኔ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ምርመራ አላውቅም።

ደረጃው በሩብ ላይም ቢሆን የሚወርድ ከሆነ፣ ከሳልባትዮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ጎማ ከመውጫው ላይ ነቅለው መውጫውን አጭር ጎማ አልብሰው በቡሎንና በፋሼታ ይድፈኑትና አንድ ሌሊት ይጨምሩ። አሁን ካልወረደ የሚያፈሰው መስመሩ ወይም ፖምፓው ነው። የ404 ፖምፓ በሞተሩ የሚገፋ ባለ ዲያፍራም (ባለ ተጣጣፊ ስስ ሽፋን) ፖምፓ ስለሆነ፣ ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚኑ መሬት ላይ ሳይታይ ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽቱት፤ ቤንዚን የሚሸት ከሆነና ዘይቱ ከተሞላበት ልክ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሞተሩን አያስነሱ፤ የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ከሳልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው ቱቦ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ የሚሳብበት ስለሆነ፣ ቢሰነጠቅ በጉዞ ላይ አየር ይስባል እንጂ አይንጠባጠብም። ዳገት ላይ የምትቆራረጥ፣ ቆማ ግን የማትፈስ መኪና ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት አላት።

መሬቱ ደረቅ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእኛ ሙቀት ትንሽ ጠብታ ሳይነጋ ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ከመኪናዋ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉና የነጣ ወይም የደበዘዘ ክብ ምልክት ይፈልጉ። ሳልባትዮውን ራሱን ደግሞ በእጅ መብራት ሲያዩ አቧራው የታጠበበትን መስመርና ቡናማ ሆኖ የተለጠፈ ሙጫ መሰል ነገር ያስተውሉ፤ ለረጅም ጊዜ የፈሰሰ ቤንዚን ሲተን ይህን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን በብሩሽ ጠርገው ያድርቁ፣ ጠመኔ ፈጭተው በጥቂት ውኃ በጥብጠው ይቀቡና ሲደርቅ ይጠብቁ። ቤንዚን የነካው ጠመኔ ወዲያው ይጠቁራል። በአንዲት ቮልስዋገን ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ዓይኔ እያየ ወደ አንድ ሳንቲም ስፋት ስታድግ ተመልክቻለሁ፤ በባዶ ዓይን ግን ቀዳዳው ጨርሶ አይታይም ነበር። በቮልስዋገን ሳልባትዮው ከፊት ኮፈን ሥር ከተሳፋሪው እግር ፊት ለፊት ስለሆነ እንዲህ ያለ ነጥብ ለአንድ ቀን እንኳ ችላ ሊባል አይገባም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ስለ እሳት የምለውን በቀላሉ እንዳያልፉት እለምናለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ራቅ ብሎ ቡና ወደሚፈላበት ከሰል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን፤ በጋራዥ ጉድጓድ ላይ ፈጽሞ አይሁን፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል፤ የእጅ መብራቱም ከመኪናዋ ሥር ሳይገቡ በፊት ይብራ። ክሪክ ብቻውን መኪና አይሸከምምና ድጋፍ ይደረግ።

ምርመራው በእርግጥ ወደ ሳልባትዮው ካመለከተና መውረዱ ግድ ከሆነ፣ ውኃ ሞልቶ ማየት በቂ አይደለም። ውኃ ከማያልፍበት ቀዳዳ ቤንዚን ያልፋል። የተሻለው ቤንዚኑ በሙሉ ተቀድቶ ከታጠበና ከተናፈሰ በኋላ ከውጭ ጠመኔ ቀብቶ ከውስጥ ነጭ ጋዝ ማድረግና በየጎኑ እያገላበጡ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ነጭ ጋዝ በጣም ጠባብ በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ይሰርጋል። ነጭ ጋዝም ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ሊሰጥ ይችላልና በድሬዳዋ ቀትር አይሠራም፤ በሐረር ጠዋት ግን ይመቻል።

በአየር መፈተን የሚፈልግ ሰው የጋራዡን ኮምፕሬሰር አይጠቀም። አንድ ወጣት መካኒክ እንዲህ ሲያደርግ አጠገቡ ቆሜ ሳልባትዮው እንደ ተነፋ ሆድ አብጦ መጋጠሚያው ሲከፈት አይቻለሁ። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ አሥረኛ ባር ብቻ የሆነ ግፊት ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ ፊት ላይ ሁለት ኩንታል ያህል ክብደት ይጭናል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍነው፣ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያዩበትን ነጭ ቱቦ ግማሽ ውኃ አድርገው እንደ ፈረስ ኮቴ አጥፈው ከአንዱ መውጫ ያገናኙና በሌላው መውጫ በኩል በአፍዎ ሳይሆን በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ብለው ይንፉ። የሁለቱ የውኃ ከፍታዎች ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይበቃል። መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ሲቀቡት አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፦ የታሸገ አየር በአንድ ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ ውኃው በእኛ ከፍታ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ደመና ፀሐዩን ስለሸፈነ የወረደውን ውኃ እንደ ፍሳሽ ቆጥሮ ጤነኛ ሳልባትዮ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ጥላ ሥር ይሠራ፣ ሳልባትዮውም በእጅ አይታቀፍ።

ቀዳዳ ከተገኘ ደግሞ ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ መሆኑን ይወቁ፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። የሌላ መኪና ጭስ አስገብቶ መበየድ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም፣ ጭሱ ራሱ ብልጭታ ሊይዝ ይችላልና። ደጋግሞ በፈላ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ የሚበየደው ቦታ ብቻ ከውኃው በላይ እንዲቀር ውኃ መሙላት ነው የምቀበለው፤ ይህንንም የለመደ ባለሙያ ይሥራው። መንገድ ላይ ለደረሰ ሰው ደረቅ የልብስ ሳሙና በቀዳዳው ላይ ተጭኖ ቢታሽ ቤንዚን ስለማያሟሟው ለጊዜው ይይዛል፤ እኔም ደንገጎ ላይ ቆሜ በዚህ ሐረር ደርሻለሁ።

እርስዎ የገለጹት ሽታ ግን ከሞሉ በኋላ ብቻ የሚመጣና ከመኪናዋ ውስጥ የሚሸት ስለሆነ፣ ግምቴ በመሙያው አንገት ጎማ ወይም በመለኪያው ጓርኒሲዮን ላይ ይጥላል። ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ምንጣፉን አንሥተው በመጀመሪያ እነዚህን ይመልከቱ። ጎማው የሚቀየር ከሆነ የውስጥ ስፋቱን ለክተው ለቤንዚን የተሠራ መሆኑን ጠይቀው ይግዙ፤ ለራዲያተር የተሠራ ጎማ ሲገባ ልክ ቢመስልም በቤንዚን አብጦ ይለሰልሳል፣ በጥቂት ወራትም ፋሼታው ይቆርጠዋል።