«አንኢዚ» ማለት «ከባድ» ማለት አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሰሜን ሸዋ እንግሊዝኛ በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ተማሪዎቼ ደጋግመው ሲስቱባት ስላየኋት «አንኢዚ» ስለምትባል አንዲት ቃል ልጻፍላችሁ። ብዙዎቻችሁ «ኢዚ ቀላል ከሆነ፣ አንኢዚ ከባድ ነው» ብላችሁ ታልፏታላችሁ። እኔም ጀማሪ መምህር ሳለሁ ፈተናው ተማሪዎቹን እንደከበዳቸው ለመግለጽ በሪፖርቴ ላይ ይህንኑ ቃል ጽፌ፣ አንድ አንጋፋ መምህር በቀይ አስምረውበት «ይህ የሰው ስሜት ነው፤ እዚህ ዲፊከልት በል» ብለው መልሰውልኛል።

«ኢዝ» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ ፍቺው ምቾትና ዕረፍት ነው። «ኢዚ»ም ከ«ቀላል» ሌላ «የተረጋጋ፣ ሐሳብ የሌለበት» የሚል ፍቺ አለው፤ «አንኢዚ» የሚያፈርሰው ይህንን ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው የጣርማ በርን ጉም ያውቀዋል። አንድ ማለዳ አውቶቡሳችን መብራቱን አብርቶ ሲያዘግም፣ ከጎኔ የነበሩት እናት የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ነጠላቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ፣ ረዳቱም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገዱን ሲያይ፣ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስ ልቤ አላርፍ አለኝ። «አንኢዚ» ይህ ነው። ፍሬኑ እምቢ ቢል ኖሮ ስሜቱ ፍርሃት ይሆን ነበር፤ ፍርሃት የሚፈራውን ነገር ለይቶ ያውቃልና።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ሆዴን ባር ባር አለው» ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ኀዘንና ናፍቆት ስለሚቀላቀልበት ልክ አይገጥምም። እኔ የምመርጠው «ነገሩ አላማረኝም» የሚለውን ነው፤ በተለይ «አባውት» ሲከተለው፣ ለምሳሌ «አይ አም አንኢዚ አባውት ዘ ጆርኒ» ስንል፣ «ጉዞው አላማረኝም» ማለታችን ነው። «ዊዝ» ሲከተለው ግን ብዙ ጊዜ በቀረበ ሐሳብ ወይም ባለንበት ሁኔታ ቅር መሰኘትን ስለሚያመለክት «ቅር አለኝ» ይሻላል። «አንክሸስ» ከዚህ ጠንከር ያለ ጭንቀት ሲሆን፣ «ሬስትለስ» አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነው።

ቃሉ ከሰውም አልፎ ይሄዳል። የተጣሉ ሁለት ወገኖች ጠባቸውን አቁመው ሳይተማመኑ ሲቀመጡ ሰላማቸው «አንኢዚ ፒስ» ይባላል፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ የነበረው ዝምታም «አንኢዚ ሳይለንስ» ነበር። እስቲ ያንን ማለዳ በሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት፤ አንዱ ስለ እኒያ እናት፣ ሌላው ስለ ዝምታው ይሁን።